የጋሽ ከድር ወፍጮ

ባለፈው ሳምንት ልጄን ለእናቴ ትቼ፣ እሷ «ብረት ነው፣ ከእጅሽ እንዳይለይ» ብላ ያስጨበጠችኝን የቤት ቁልፍ እንደያዝኩ ዳይፐር ልገዛ ወጥቼ፣ እንቅልፍ ባጣ ዓይኔ ባጃጆቹን እየሸሸሁ በአንድ ጠባብ መንገድ ሳልፍ፣ ትኩስ ዱቄት ሸተተኝ። ከወፍጮ ወጥቶ ገና ያልበረደ፣ ከረጢቱን ሲያቅፉት ደረት የሚያሞቅ የጤፍ ዱቄት ነበር። አዳማ ውስጥ ዱቄቱን አሽጎ የሚሸጥ ሱቅ ስለበዛ ይህ ሽታ ከጠፋብኝ ቆይቷል። ባለሁበት ቆምኩ። ከኋላዬ የመጣው ባጃጅ ጡሩምባውን ነፍቶ ነፍቶ ሲሰለቸው በጎኔ አለፈና፣ ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ መንገድ ላይ ነው እንዴ የሚተኛው ብሎኝ ሄደ። አልተሳሳተም፣ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ነበርኩ፤ ልቤ ግን ከገበያው ጀርባ ወደነበረው ቤታችን፣ እናቴ አራስ ወደሆነችበት፣ ወንድሜ ሚኪያስ ወደሚጮህበት፣ እኔም ዘጠኝ ዓመት ወደሆነኝ ዘመን ሄዶ ነበር።

ያ ቤት ከጋሽ ከድር ወፍጮ ቤት የሚለየው በአንድ የቆርቆሮ አጥር ብቻ ስለነበር፣ የእናቴ መኝታ ክፍል ግድግዳ ከጠዋት እስከ ማታ ይንቀጠቀጥ ነበር። መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርሳቸው እየተነካኩ ሲንቃጨሉ ይውላሉ፤ እኛም ሳይታወቀን ጮክ ብሎ ማውራት ለምዶብን ዘመድ ቤት ስንሄድ ምን ያስጮኻችኋል እንባል ነበር። አባቴ ከመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም ጭኖ አዲስ አበባ የሚያራግፍ የጭነት መኪና ሾፌር በመሆኑ ቤት የሚያድረው ቅዳሜና እሁድን ብቻ ነበርና፣ ሳምንቱን ሙሉ በቤታችን የሚሰማው ወፍራም ድምፅ የወፍጮው ነበር። እናቴ ሚኪያስን አርግዛ ሳለች ከሰዓት በኋላ ፍራሿን ወደዚያ ግድግዳ ታስጠጋና፣ ጀርባዋን ደገፍ አድርጋ፣ ንዝረቱ ወገቤን ያሸኛል እያለች ዓይኗን ጨፍና ትቀመጥ ነበር። ያያት ሁሉ ይስቅባታል፣ እሷም አብራ ትስቃለች።

ሚኪያስ የተወለደው በግንቦት ነው። የአዳማ ግንቦት ንፋሱ የመንገዱን አቧራ አንስቶ ለየቤቱ የሚያድልበት ወር ስለሆነ፣ በሩም መስኮቱም ተዘግቶ፣ እናቴ በመጋረጃ በተከለለ አልጋ ላይ ገንፎና አጥሚት እየቀረበላት ትውል ነበር። አራሷን ልትንከባከብ ከቢሾፍቱ የመጣችው የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ አስካለ ነበረች፤ ብዙ የወለደች፣ ብዙም አራስ ያነሣች፣ ማንም የማይከራከራት ሴት። መጥታ ሻንጣዋን እንዳስቀመጠች ደንብ አወጣች፦ ልጁ ክርስትና እስኪነሣ እናቴ ከግቢ አትወጣም፣ ብቻዋን አትተውም፣ ለጓሮ እንኳ ብትነሣ ብረት ከእጇ አይለይም። ለዚሁ ሲባል የወጥ ቤቱ ትልቅ ቢላዋ ከእናቴ ትራስ ሥር ገብቶ፣ ሽንኩርት የሚከተፈው በሌላ ደነዝ ቢላዋ ሆነ።

ቤቱን ካስተካከለች በኋላ ወደ ወፍጮው ዞረች። ነጠላዋን አጣፍታ አጥሩን ዞራ ሄደችና፣ አራስ የተኛችበት ግድግዳ እንዲህ ሲናጥ ደግ ነው ወይ ብላ ጋሽ ከድርን ጠየቀቻቸው። ጋሽ ከድር ረጅም፣ ቅንድባቸው ሁልጊዜ ዱቄት የለበሰ፣ አማርኛቸውን በኦሮምኛ እያዋዙ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። አራስ ተኝታ ወፍጮ ምን ይሠራል አሉና፣ ጀንበር እስክትጠልቅ ይሠሩ የነበሩት ሰውዬ ከዚያን ቀን ጀምረው በአሥር ሰዓት ሞተሩን አጥፍተው መዝጋት ጀመሩ። በማግስቱም ለአጥሚት የሚሆን የገብስ ዱቄት በእጃቸው ይዘው መጥተው፣ እግዜር ያሳድገው ማለታቸው ነበርና፣ «ረቢ ሃ ጉዲሱ» ብለው ከደጅ ሰጥተውን ተመለሱ። መንደሩም የእሳቸውን አይቶ ሬዲዮኑን ቀነሰ፣ ልጆቹም ኳሳቸውን ይዘው ወደ ሌላ መንገድ ሄዱ። ከተወለድኩ ጀምሮ ሰምቼው የማላውቀው ጸጥታ በየማምሻው ቤታችን ውስጥ ይገባ ጀመር።

ወንድሜም በዚያ ጸጥታ ውስጥ መጮህ ጀመረ። ቀን ቀን ጠብቶ ይተኛል፤ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ግን ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሰብስቦ፣ ጡጫውን ጨብጦ፣ ፊቱ በርበሬ እስኪመስል ይጮኻል። እትዬ አስካለ ሆዱን በቅቤ አሸችው፣ ጸበል አስረጨችው፣ እናቴን ጎመን ከለከለቻት፣ ቀጥላ ሽሮ፣ ቀጥላ ወተት ከለከለቻት፣ የሚከለከል ምግብ ሲያልቅባት ደግሞ የሰው ዓይን ነው ብላ ጠያቂዎችን ከበር መመለስ ጀመረች። ሸፍና ጤና ጣቢያ ብትወስደውም ነርሷ መርምራው የሆድ ቁርጠት ነው፣ እያደገ ሲሄድ ይተወዋል፣ ከጡት ሌላ ምንም አትስጡት ብላ መለሰችን። እትዬ አስካለ በመልሱ አልተደሰተችም፤ እስኪተወው ድረስ ምን እንደሚደረግ አልነገረችንም ብላ እስከ ቤት አጉረመረመች።

ሰኔ ሲገባ እናቴ ሌላ ሰው ሆነች። ገንፎው ሳይነካ ይመለሳል፣ ፀጉሯ ሳይበጠር ይውላል፣ ስጠራት የምትሰማኝ ደጋግሜ ከጠራኋት በኋላ ነበር። ፀሐይዋ መስኮቱን ለቃ ስትሄድ፣ ገና እሱ ሳይጀምር እሷ ጆሮዋን በጋቢዋ ትሸፍናለች። አንድ ቀን ሲመሽ ልጁን ከደረቷ አላቃ ወደ እትዬ አስካለ ዘረጋችና «እትዬ፣ ይውሰዱልኝ። መውደድ አቃተኝ» አለች። እትዬ አስካለ ደንግጣ እንዲህ አይባልም፣ አማትቢ አለቻት። እናቴ አላማተበችም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። ያን ጊዜ የፈራሁት ለወንድሜ አይደለም፤ ልጅ መውደድ የሚያቅት ነገር ከሆነ አንድ ቀን እኔንም ሊያቅታት ነው ብዬ ነው የፈራሁት። ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ እንዳላስቸግራት ብዬ ጫማዬን ደጅ አውልቄ እገባ ነበር፤ ራት በላሽ ወይ ካላለችኝም ራቤን አልናገርም ነበር።

የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ መንገዱን ሁሉ ጭቃ ያደረገ ዕለት፣ ሚኪያስ እንደ ልማዱ መጮህ ከጀመረ በኋላ ጋሽ ከድር ቆባቸውን አውልቀው በራችን ላይ ቆሙ። ከገጠር እህል በጋሪ ይዛ የተነሣች ሴት ጭቃ ይዟት አምሽታ መድረሷን፣ ልጆቿ ቤት እየጠበቋት መሆኑን ነገሩንና፣ ቶሎ ፈጭቼላት ልዝጋ ብለው ለመኑ። እትዬ አስካለ ከዚህ በላይ ምን ይመጣል ብላ እጇን አወናጨፈች። ጥቂት ቆይቶ ሞተሩ ተነሣ፣ ቀበቶው ዞረ፣ ግድግዳው መንቀጥቀጥ፣ ብርጭቆዎቹም መንቃጨል ጀመሩ፤ ሚኪያስም ጩኸቱን እመሃል ላይ አቋረጠ። እትዬ አስካለ ትንፋሹ የተቋረጠ መስሏት ሮጣ ጣቷን አፍንጫው ሥር አደረገች። ልጁ ይተነፍሳል። ዓይኑን ወደ ግድግዳው አፍጥጦ ሲያዳምጥ ቆየ፣ ጡጫው ተፈታ፣ እግሩ ተዘረጋ፣ ከዚያም እንደ ትልቅ ሰው ረጅም ትንፋሽ አውጥቶ ተኛ።

የሴትዮዋ እህል አልቆ ሞተሩ ሲጠፋ ብርጭቆዎቹ ዝም አሉ፣ ሚኪያስም ዓይኑን ገልጦ አገጩን ማንቀጥቀጥ ጀመረ። እናቴ ያን ጊዜ ከአልጋዋ ወረደች። ጋቢዋን ተከናንባ፣ ቢላዋውን ከትራሷ ሥር መዝዛ፣ እትዬ አስካለ ወዴት ነው፣ ክርስትናው ገና ነው እያለች ስትከተላት ሳትመልስላት፣ በዚያ ጭቃ በነጠላ ጫማ አጥሩን ዞረች። እኔም ከኋላቸው ሮጥኩ። ጋሽ ከድር በሩን ሊቆልፉ ሲሉ ቢላዋ የያዘች አራስ ፀጉሯን እንደበተነች ስትመጣባቸው አይተው ወደ ኋላ አፈገፈጉ፤ ገጠሬዋም ከረጢቷን ታቅፋ ጋሪው ላይ ዘላ ወጣች። ጋሽ ከድር የመጣችው ልትቆጣ መስሏቸው ይቅርታ፣ ሁለተኛ አይለመደኝም ይሉ ጀመር።

እናቴ «ጋሽ ከድር፣ እባክዎን አያጥፉብኝ» አለቻቸው። «ልጁ ተኝቶልኝ ነበር።»

ሰውዬው ግራ ገብቷቸው መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ ቢላዋውን አዩ፣ ከዚያም በቆርቆሮው ላይ አልፎ የሚመጣውን ጩኸት አዳመጡ። ተመልሰውም ሞተሩን አስነሡት። ጩኸቱ ቆመ። እናቴ እዚያው የወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ ዱቄቱ ጋቢዋ ላይ እየዘነበባት አለቀሰች። እኔም ጎኗ ሄጄ ስቀመጥ፣ ስንት ሳምንት ሙሉ ያልነካኝ እጇ አንገቴን አቅፎ ወደ ራሷ ሳበኝ። እትዬ አስካለ ብቻ እንደቆመች፣ ይህ ልጅ ሆድ ውስጥ ሆኖ ሲሰማው የኖረውን እኔ ነኝ ያስነጠቅኩት አለችና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የምታወጣው ደንብ ጠፋባት።

ሐምሌና ነሐሴን መንደሩ በሙሉ እህሉን ማስፈጨት ወደ ማምሻ አዛወረ። ማንም ስብሰባ አልጠራም፤ ጋሽ ከድር ለአንዷ ነገሩ፣ እሷም ለሌላዋ ነገረች፣ ሴቶቹ ከረጢታቸውን ተሸክመው ጭቃውን እየዘለሉ ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ይመጡና ተራ ይዘው እየተሳሳቁ ይቆሙ ነበር። በርበሬ ብቻ ልጁን እንዳያስነጥሰው በጠዋት እንዲፈጭ ተባለ። መብራት ጠፍቶ ወፍጮው ያልሠራ ማታ ደግሞ እናቴና እትዬ አስካለ ልጁን መሃል አድርገው አፋቸውን ዘግተው ከደረታቸው ያጉረመርሙለታል፤ እትዬ አስካለ ያን ስታደርግ ያየሁ ለታ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ወደ ደጅ ሮጬ ወጥቻለሁ። እሱም አንዳንዴ ይታለልላቸው ነበር፣ አንዳንዴ ግን ወፍጮ አለመሆናቸውን ያውቅባቸው ነበር።

አንድ ቀን ሲመሽ እናቴ ለጋሽ ከድር ዳቦ አድርሺ ብላኝ ስሄድ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ አንድም ደንበኛ አልነበረም። ወፍጮው ግን ይሠራል። ጋሽ ከድር ከሥር የወጣውን ፉርሽካ በቁና እያፈሱ መልሰው ከላይ ይጨምሩታል፣ እንደገና ሲወጣ እንደገና ያፍሱታል። ለምን ብላቸው ባዶውን ከዞረ ድንጋዩ እርስ በርሱ ይበላላል አሉኝና፣ ዳቦውን ተቀብለው «ለእናትሽ አትንገሪያት፣ ትሳቀቃለች» አሉኝ። አልነገርኳትም። እሷ ወፍጮው በየማታው ደንበኛ እንዳለው እያሰበች ልጇን አቅፋ ጀርባዋን ወደ ግድግዳው ደግፋ ትቀመጥ ነበር፤ ገንፎዋን መብላት፣ ፀጉሯን መሠራት፣ በመጨረሻም ሚኪያስን ዓይን ዓይኑን እያየች መሳቅ ጀመረች። መስከረም ሲጠባ ጩኸቱ እንደመጣ ሁሉ ጠፋ። ነርሷ እንዳለችው ማለት ነው፤ እትዬ አስካለ ግን ይህን ሳታምን ወደ ቢሾፍቱ ተመለሰች።

ጋሽ ከድር ካረፉ ዓመታት አለፉ፤ ወፍጮ ቤታቸው የነበረበት ቦታም ፎቅ ቆሞበታል። ሚኪያስ ዛሬ ቁመቱ በር የሚነካ፣ አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ የሚያንቀላፋ ሰው ሆኗል። እኔ የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ባለቤቴ አዲስ አበባ እየሠራ እንደ አባቴ ለቅዳሜና እሁድ ይመጣል። ጎረቤቶቼ ደጎች ናቸው፣ ልጅቷ ስትጮህ ግድግዳ አይደበድቡም፤ በራቸውን ቀስ አድርገው ይዘጋሉ እንጂ።

ያን ቀን ዱቄቱ ሸትቶኝ ስመለስ የልጄን ጩኸት የሰማሁት ገና ደረጃው ላይ ሆኜ ነው። ገብቼ ዳይፐሩን እንደያዝኩ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። «እማዬ፣ መውደድ አቃተኝ» አልኳት።

እናቴ አልደነገጠችም፣ አማትቢም አላለችኝ። «አውቀዋለሁ» አለችና ልጄን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ዙሪያውን ስትመለከት ቆይታ፣ መታጠቢያ ቤት በር ላይ ቆመች። «በይ ይህን ወፍጮሽን አስነሺልኝ» አለችኝ፣ የልብስ ማጠቢያውን ማሽን በአገጯ እያሳየችኝ። የሚታጠብ ልብስ የለም ብላት «ባዶውን አይዙር» አለችና ነጠላዋን ከትከሻዋ ስባ ወደ ውስጥ ወረወረችው። «ጋሽ ከድርስ ፉርሽካ ይጨምሩበት አልነበር?»

እኔ ነግሬያት አላውቅም። ጀርባውን ግድግዳው ላይ አድርጎ ያ ሁሉ ማታ የተቀመጠ ሰው የእህሉንና የፉርሽካውን ድምፅ ለይቶ እንደሚያውቅ ግን ያን ጊዜ ገባኝ። እናቴ ሳትሳቀቅ፣ ውለታቸውንም ሳትረሳ ይህን ሁሉ ዓመት ይዛው ኖራለች። ማሽኑ ዞረ፣ መታጠቢያ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ያሉት ጠርሙሶች መንቃጨል ጀመሩ፣ ልጄም ረጅም ትንፋሽ አወጣች። እኔም እናቴ እግር ሥር ቁጭ ብዬ ራሴን ጉልበቷ ላይ አስደገፍኩ።

ያኔ እናቴን ለማሳረፍ መንደሩ እህሉን ተሸክሞ በጭቃ ይመጣ ነበር። አሁን ማሽኑ ጋ የምንመጣው እናቴና እኔ ብቻ ነን፤ በየማታውም ያንኑ ንጹሕ ነጠላ እናጥባለን።