ከግራና እስከ ወልድያ በፎር ዊል

«ፎር ዊል ከገባ የማይታለፍ መንገድ የለም» ይባላል። ውሸት ነው፤ ይህን የሚሉትም አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ የሚቀመጡ ናቸው። ፎር ዊል፣ አራቱም ጎማ አንድ ላይ የሚጎትቱበት ማርሽ፣ ለጭቃና ለኮረኮንች ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ ካምቢዮ ይሰብራል።

ትናንት መርሳ ላይ አንድ ጎረምሳ ፎር ዊሉን ሳያወጣ አስፋልቱ ላይ ሲጠመዘዝ ጎማው ጮኸ። የተቃጠለው ጎማ ሽታ ወደ ልጅነቴ ወሰደኝ።

እናቴ ምጥ ጠንቶባት ከመንደራችን ከግራና ወደ ወልድያ ሆስፒታል ስንወስዳት የሚነዳው ወንድሟ ነበር። ከመርሳ ወዲያ ጎርፍ አስፋልቱን እዚህም እዚያም ጭቃ አልብሶታል። አሮጌዋ መኪና ካልቆመች ፎር ዊል አይገባላትም፣ አይወጣላትም። አጎቴ ጭቃው ሲመጣ ቆሞ ያስገባል፤ ደረቁ ሲመጣ ቆሞ ያወጣል። በቆምን ቁጥር እናቴ ክንዴን ትጨምቃለች።

አብረውን የተሳፈሩት አያቴ ጮኹ፦ «አንተ! እህትህን ነው ወይስ መኪናዋን የምታተርፈው?»

«አባዬ፣ መኪናዋ ከተሰበረች እርስዎ አዝለው ሊያደርሷት ነው?»

እናቴ ተረፈች፤ ሕፃኑ አልተረፈም። ሐኪሙ «ዘግይታችኋል» አለ። አያቴ እስኪሞቱ ድረስ አጎቴን በሙሉ ዓይናቸው አላዩትም። እኔ አንድ ቀን ለአያቴ፣ አንድ ቀን ለአጎቴ እፈርዳለሁ።

መንዳት የምታውቁ፣ ማጽናናቱን ተዉትና ንገሩኝ፤ መቆም ነበረበት?