ኦቦ ቶሎሳ ዱላ ይዘው የሮጡበት ድምፅ

የጀርመን በረራዬ ሌሊት ቢሆንም የአስኮን መንገድ መጨናነቅ ፈርተን ከቡራዩ የወጣነው ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ልንወጣ ስንል እማዬ ሻንጣዬ ውስጥ በርበሬ ትጠቀጥቃለች፤ ጎረቤታችን ኦቦ ቶሎሳ በራችን ላይ ቆመው «ከእንግዲህ ሌባ ሲገባ በምን እናውቃለን?» ይላሉ። እሳቸው እንዲህ ናቸው፤ ሲከፋቸው ይቀልዳሉ።

ነገሩ ወዲህ ነው። እኔ ሶፕራኖ ነኝ፤ ከሴት ድምፅ ሁሉ ላይኛው። ከቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሃል አንዲት የውጭ አስተማሪ ሰምታኝ ኦፔራ ያስጀመረችኝ ሰሞን፣ ቤት ውስጥ ከፍ ያለውን ድምፅ ስሞክር ኦቦ ቶሎሳ ዱላ ይዘው «ማል ታኤ? ምን ሆናችሁ?» እያሉ ሮጠው ገቡ። ከኋላቸው ሁለት ሴቶች፣ ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቅዝቀው! እማዬ በሃፍረት ልትሞት። «ኧረ ዘፈን ነው አሉ!» አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ ኦቦ ቶሎሳ ድምፄን በሰሙ ቁጥር በአጥር በኩል «ሌባ ነው ወይስ ኦፔራ?» ይሉኛል። አንድ ቀን እንኳ ሳይጠይቁ አልፈው አያውቁም።

ጀርመን ለኦፔራ ትምህርት የገባሁት በብርዱ ወራት ነው። የኛን የሐምሌ ብርድ ጋቢ ይመልሰዋል፤ የዚህኛው አጥንት ውስጥ ተከራይቶ ይኖራል። ሰላምታቸውም «ጉተን ሞርገን» ካሉ አለቀ፤ እንዴት አደርሽ፣ ቤተሰብ ደህና ነው ብሎ ነገር የለም። በሳምንቴ አከራዬ አንኳኩ። ሰው መጣልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ከፈትኩ።

«ልምምድ በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ነው። አራት ደቂቃ አሳልፈሻል።»

«ይቅርታ። ድምፄ ግን እንዴት ነው?»

«ሰዓቱን ነው ያየሁት፤ ድምፁን አላዳመጥኩም።»

ወይ ጉድ!

በሁለተኛው ዓመት የመጀመሪያው ትልቅ ሚና ደረሰኝ፤ ልጇ የሞተባት እናት። እንደዚያ የጓጓሁለት ነገር የለም። ድምፅ የሚያስተምሩኝ ፕሮፌሰሯ ግን ሰምተውኝ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ንጹህ ነው፤ ግን ማንም ከወንበሩ አይነሳም። እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ለሌላ እሰጠዋለሁ።»

ሐሙስ እማዬ ጋ ደወልኩ። ስልኳን ከወንድሜ ስፒከር ጋር አገናኘችውና ዘፈንኩላት። ገና ሳልጨርስ በሩ ሲበረገድ ሰማሁ። «ማል ታኤ? ልጅቷ መጣች እንዴ? ማን ነካት?» ኦቦ ቶሎሳ! በዚያ በታመመ ጉልበታቸው ሮጠው፣ ትንፋሽ አጥሯቸው። እማዬ «አልመጣችም፣ ስልክ ነው ኦቦ ቶሎሳ፤ ይቀመጡ» ትላቸዋለች። እኔ እዚህ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ዓርብ ዕለት አዳራሹን ረሳሁት። ከአጥሩ ማዶ ላሉት ለእሳቸው ዘፈንኩ። ፕሮፌሰሯ ከወንበራቸው ተነሱ። ሚናው የኔ ሆነ።

ወዲያው ደወልኩ። «እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!» አለች እማዬ። ከዚያ «ታዲያ እዚያ ስትጮኺ ማን ይመጣልሻል?» አለችኝ።



«አከራዬ አሉ፣ እማዬ» አልኳት። «ወዲያው ነው የሚያንኳኩት።»

«ተመስገን» አለች እፎይ ብላ። «እንግዲያማ ጎረቤት አለሽ።»