የአጎቴ ካርድና የፊት ወንበር

የአጎቴ ልጅ በአራት ወር ትበልጠኛለች። በቁመት እኔ እበልጣታለሁ፣ በሒሳብ እኩል ነን፣ የቸርቻችን ኳየር ውስጥ ደግሞ ለብቻ የሚዘመረው የሚሰጠው ለእኔ ነው። ስለዚህ በምን እንደምቀናባት ለሰው ማስረዳት ይከብደኛል። በፀጉሯ አይደለም። በስልኳም አይደለም፤ እሺ፣ በስልኳ ትንሽ። ዋናው ግን የአባቷ ካርድ ነው።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ የሆስፒታል ማሽን ይጠግናል። የሆነ ስቴት ውስጥ የራጅ ማሽን ሲበላሽ ይደውሉለታል፤ እሱም ሰኞ ጠዋት ሮዝቪል ካለው ቤቱ ተነስቶ ይበርና ዓርብ ይመለሳል። እንዲህ ሲበር ሲበር አየር መንገዱ ብዙ ለሚበሩ ደንበኞች ከሚሰጣቸው የካርድ ደረጃዎች ሁሉ የመጨረሻውን፣ ከዚያ በላይ ሌላ የሌለውን ሰጠው። ያ ካርድ ያለው ሰው ረጅሙን ሰልፍ አይሰለፍም። መጀመሪያ ይሳፈራል። ፊት ያሉት ሰፋፊ ወንበሮች ካልሞሉ ደግሞ ገንዘብ ሳይጨምር እዚያ ያስቀምጡታል፤ እሱን ብቻ ሳይሆን አብሮት የሚሄደውን አንድ ሰውም ጭምር። ያ አንድ ሰው ሁልጊዜ ማን እንደሆነች መቼም አይጠፋችሁም።

የእኔ አባት ባስ ድራይቭ ያደርጋል። ኮሎምቢያ ሃይትስ ያለው አፓርታማችን ውስጥ ስለ አጎቴ ካርድ በተወራ ቁጥር የሚላት አንድ ቀልድ አለችው፤ "እኔም እኮ ቀኑን ሙሉ ስጓዝ ነው የምውለው፤ ማይሌን የሚቆጥርልኝ ጠፋ እንጂ!" እናቴ ሁሌ እንደ አዲስ ትስቃለች። እኔ አልስቅም። የባስ ሹፌር ልጅ ባስ ላይ ፊት ብትቀመጥ ማን ይቀናባታል?

ካርዱ አንዴ ተሰጥቶ የሚቀር አይደለም፤ በየዓመቱ ይታደሳል። ትልቁ የፉትቦል ፍጻሜ እኛ ከተማ በተደረገበት ዊንተር፣ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል፣ አጎቴ ለማሳደሻው ትንሽ በረራ ጎደለው። አንድ ቅዳሜ ፎኒክስ ድረስ ሄደና ከኤርፖርቱ ሳይወጣ ተመለሰ። እሑድ ከቸርች በኋላ እናቴ ያዘችው።

"እዚያ ዘመድ አለህ እንዴ?"

"የለኝም።"

"ታዲያ ምን ልታደርግ ሄድክ?"

"ልመለስ።"

"ወይ ጉድ! ወንድሜን አሳበዱብኝ እኮ!" አለች እናቴ፣ አባቴም በሳቅ ሞተ። እኔ ግን አጎቴ ምንም ያበደ አልመሰለኝም። እንዲያውም አዋቂ ሁሉ እንደሱ ቢያስብ ጥሩ ነበር።

ምክንያቱም የአጎቴ ልጅ ኤርፖርት ውስጥ ለባለካርዶች ብቻ ስለሚከፈተው ማረፊያ ስታወራ እሰማለሁ። "ላውንጅ ውስጥ እኮ ሾርባ አለ፣ ኩኪ አለ፣ ላይክ፣ ያሻሽን ያህል። ማንም ምንም አይልሽም።" ይህን የምትነግረኝ ሆን ብላ እንዳልሆነ ልትመስል እየሞከረች፣ ጥፍሯን እያየች ነው። "ሾርባ እኛም ቤት አለ" እላታለሁ። ከዚያ ቤት ገብቼ እናቴ ሾርባ ስትሰጠኝ አልፈልግም እላለሁ። አንድ ነገር ብቻ ነበር የምመኘው፤ አንዴ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ እሷ ኋላ ተቀምጣ እኔ አጎቴ አጠገብ ፊት እንድቀመጥ።

ሰመር ላይ ትንሿ አክስታችን ሲያትል ልታገባ ሆነ። እናቴና የአጎቴ ሚስት ለምግቡ ዝግጅት ቀድመው ሄዱ፣ አባቴ ፈቃድ አላገኘም፣ እኔ ከአጎቴና ከልጁ ጋር እንድሄድ ተወሰነ። መኪና ውስጥ አጎቴ በመስታወቱ አየኝና፣ "እሜቴ፣ ፊት ቦታ ከተገኘ ዛሬ ተራው ያንቺ ነው" አለኝ። የአጎቴ ልጅ "ፋይን" ብላ በመስኮት ማየት ጀመረች። እኔ ላለመሳቅ ጉንጬን ከውስጥ ነክሼ ያዝኩት።

መሳፈሪያው በር ጋ ደርሰን ስክሪኑ ላይ የስሜ ፊደሎች ፊት ከሚቀመጡት መሃል ሲወጡ አየሁ። ሁለት የመሳፈሪያ ወረቀት ታተመ፤ አንዱ ለአጎቴ፣ አንዱ ለእኔ። ወረቀቱን እንደ ዲፕሎማ ያዝኩት። ፎቶ አንስቼው ለማን እንደምልከው እያሰብኩ ሳለ የአጎቴ ልጅ ድንገት ጮኸች።

"ዳዲ! እማማ እኮ ናቸው!"

እውነትም ከቸርቻችን አንዲት እናት ነበሩ፤ ሁላችንም እማማ የምንላቸው፣ ነጠላ ለብሰው፣ የእጅ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው አቅፈው ግድግዳ ሥር ተቀምጠዋል። አጎቴ ሮጦ ሄዶ ጉልበታቸው ድረስ ዝቅ አለ። እሳቸውም ፊቱን ይዘው ደጋግመው ሳሙት።

"እግዚአብሔር ነው ያመጣህ ልጄ! ልጄ ሲያትል ወልዳ ላርሳት ነው። እንግሊዝኛው የለኝ፣ ፈርቼ ነበር።"

"እግርዎስ እንዴት ነው?"

"ያው ነው፣ ሲቀመጡበት ያብጣል።"

አጎቴ ወረቀታቸውን ተቀብሎ አየ። ከኋላ፣ መሃል ወንበር፣ መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ። የራሱን ወረቀት አየ። ወዲያው ገባኝ፤ የአጎቴ ልጅ ግን ቀድሞ ገብቷት ኖሯል፤ ፈገግታዋን ነጠላ ቢያለብሱትም አይሸፈንም ነበር።

"ሐበሻ ካለ ዳዲ ፊት አይቀመጥም" አለችኝ ጆሮዬ ሥር። "ኔቨር። ፊት የሚቀመጠው ብቻውን ኖርዝ ዳኮታ ሲሄድ ነው።"

"አንቺስ? እነዚያ ሁሉ ያወራሽልኝ?"

"እኔማ ቦታውን ለሚሰጣቸው አስተርጓሚ ነኛ! ዛሬ አንቺ ነሽ። ኢንጆይ!"

እንዳለችውም ሆነ። አጎቴ እኔን ቦታሽን ስጪ አላለኝም። "አጠገባቸው ሁኚላቸው፣ የሚሉሽን አስተርጉሚላቸው" ብሎ ትከሻዬን መታ አደረገና የራሱን ወረቀት ለእማማ ሰጥቶ፣ የእሳቸውን ይዞ ወደ ኋላ ሄደ። ከልጁ ጎን የነበረውን ሰውዬ ለምኖ ወንበር ቀየረው።

ስለ ወንበሩ አልዋሽም። ሰፊ ነው። እግሬን ዘርግቼ ፊት ያለውን ወንበር አልነካሁትም። በሙቅ ውሃ የተነከረ ፎጣ ሲያመጡ እማማ ደስ አላቸው፤ "እጅ ያስታጥባሉ እንዴ! ጨዋዎች ናቸው" አሉ። አውሮፕላኑ ሲነሳ ክንዴን ይዘው በኢየሱስ ስም ብለው ጮክ ብለው ጸለዩ። ማዶ ያለው ሱፍ የለበሰ ሰውዬ ላፕቶፑን ከደነ። አሜን አልኩ፤ ምን ላድርግ?

ከዚያ ምግብ መጣ። ዶሮ፣ ድንች፣ በእውነተኛ ሳህን፣ በእውነተኛ ሹካ። የአውሮፕላኑ አስተናጋጅ ከኋላችን ያለውን መጋረጃ ዘጋች። እማማ ዞር ብለው አዩ።

"ምነው ዘጉት?"

"ያው፣ ይሄ የፊት ነው። ያ የኋላ።"

"ለነሱስ ምን ይሰጧቸዋል?"

"ፕሬትዝል። ደረቅ ብስኩት ነገር።"

እማማ ሹካውን አስቀመጡ። "መጋረጃ ተዘግቶልኝ ልብላ? ሰው እየራበው? ያ ልጅ ወንበሩን ሰጥቶኝ ደግሞ ምሳውን ልብላበት? በይ ተነሺ፣ አድርሺለት።"

"እማማ፣ እንዲህ አይደረግም እኮ።"

"ማን ነው የማያደርገው? ሂጂ ልጄ፣ ሳይበርድ።"

ሳህናቸውን ይዤ ቆምኩ። አስተናጋጇ መንገዴ ላይ ስትቆም በእንግሊዝኛ አስረዳኋት፤ ሁለቴ ደገምኩላት፣ ሦስተኛው ላይ አፏን ይዛ ሳቀች፣ መጋረጃውንም ራሷ ከፈተችልኝ። ሰው ሁሉ ወደ ሳህኑ እያየ በመሃሉ አለፍኩ። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

አገኘኋቸው። አጎቴ ጉልበቱ ከፊቱ ካለው ወንበር ጋር ተጣብቆ፣ ልጁ መስኮቱ ጋ ሆና ጭንቅላቷን ትከሻው ላይ ጥላ፣ አንድ የጆሮ ማዳመጫ ለሁለት ተካፍለው ስልክ ላይ ፊልም ያያሉ። አጎቴ እንባው እስኪመጣ ይስቃል። ያ ሰኞ ሄዶ ዓርብ ደክሞት ሲመጣ ሶፋ ላይ የሚተኛው ሰው! እንዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። እሷ ደግሞ ሳቁን እየሰማች ፊልሙን ትታ ፊቱን ታያለች።

"እማማ ልከውኝ ነው" አልኩ።

"እሳቸው እኮ አይቻሉም!" ብሎ ሳህኑን ተቀበለኝ። ለልጁ ዶሮውን ቆረሰላት፣ ዳር ላይ ለተቀመጠው ለማያውቀው ፈረንጅም ድንች ሰጠው። ፈረንጁ ግራ ገብቶት ዙሪያውን አየና በላ።

"ፊት እንዴት ነው? ሰፊ ነው አይደል?" አለችኝ የአጎቴ ልጅ፣ አፏ ሞልቶ።

"በጣም ሰፊ ነው" አልኳት። እውነቴን ነው። መተላለፊያው ላይ ቆሜ ግን እግሬ አልሄድ አለኝ። ነይ ተቀመጪ እንዳይሉኝ ቦታ የለም። የቀበቶው መብራት በራ፣ አስተናጋጇ ጠራችኝ፣ ተመለስኩ።

እማማ የእኔን ሳህን አልነኩም፣ እየጠበቁኝ ነበር። ከአንድ ሳህን አብረን በላን። ከዚያ አንቀላፉ፣ እኔም ወንበሬን ወደ ኋላ አጋደምኩት። አይስክሬም መጣ፤ በላሁት፤ ጣፋጭ ነበር። የሚያበሳጨኝ እሱ ነው፤ ሁሉም ነገር እንደተመኘሁት ጥሩ ነበር። መጋረጃው ደግሞ ድምፅ አይከለክልም፤ የአጎቴ ሳቅ እየመጣ ጆሮዬ ውስጥ ይገባል። እዚያው የእሷ ወንበር ላይ ተቀምጬ ቀናሁባት።

ሲያትል ስንደርስ እኔና እማማ ቀድመን ወረድን፣ ቆመንም ጠበቅናቸው። ከሁሉ ኋላ እየተገፋፉ መጡ፣ ገና ፊልሙን እያወሩ።

"ምኑ ነው እንዲህ ያሳቃችሁ?"

"አይ፣ ብንነግርሽ አይገባሽም። ማየት ነበረብሽ" አለች።

አጎቴ የእማማን ቦርሳ ተሸክሞ ከእኔ ጋር ዘገም አለ። "ካርዱን ዘንድሮም ልታድሰው ነው?" ብዬ ጠየቅኩት።

"እንዴታ!"

"ፊት ለማትቀመጥበት?"

"ካርዱ ባይኖር እማማን የት አስቀምጣቸው ነበር?" አለኝ፤ ነገሩ ያለቀ እንዲመስል አድርጎ አለው። ሌላ ጊዜ ቢሆን መልሱን ወድጄለት ነበር። ያን ጊዜ ግን ማወቅ የፈለግኩት የፊልሙን ስም ብቻ ነበር። ነገረኝ።

በሰርጉ ማግስት፣ ሁሉም ደክሞት ሲተኛ፣ አክስቴ ቤት ሶፋ ላይ ሆኜ ፊልሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ብቻዬን አየሁት። ምንም አያስቅም።