ሲሉቫይ የቆረጠው መረብ

ፔሪያቱራይ በምትባለው የታሚሎች የዓሣ አጥማጅ መንደር፣ ሽማግሌው ዲዮኒስ ዐይናቸው ደክሞ ከባሕር ሲቀሩ፣ ጀልባቸውን ለበኩር ልጃቸው ለቪያኩላም ያስረክባሉ ብሎ ያልጠበቀ ሰው አልነበረም። እሳቸው ግን ታናሹን ሲሉቫይን ጠርተው፣ "ከዛሬ ጀምሮ ካፒቴኑ አንተ ነህ" አሉት። ለምን ቢባሉ፣ "ቪያኩላም ጉልበት አለው፤ ይኼኛው ደግሞ ፍርሃት ያውቃል" አሉ።

ሲሉቫይ ያኔ ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። ሹመቱ ከማስደሰት ይልቅ አሸማቀቀው። ቤት ውስጥ ታላቁን "ወንድም ጋሼ፣ እርስዎ" እያለ ነው ያደገው፤ ታላቁ ሳይቀምስ እሱ አይቀምስም። ባሕር ላይ ግን እርስዎ ለማለት ጊዜ የለም። "ልቀቅ! ያዝ! ሳብ!" ነው። የዳሩን ሞገድ ተሻግረው ሲወጡ አንተ ይለዋል፤ እግራቸው አሸዋ ሲረግጥ ወደ እርስዎ ይመለሳል። ቪያኩላም ነገሩን ከልቡ ይቀበለው ይሁን ቅር እያለው ይዋጠው፣ ማንም አላወቀም።

በስድስተኛው ዓመት፣ በኅዳር፣ አንድ ጠዋት አዲሱን መረብ ይዘው ወጡ። የቤቱ ሴቶች ክረምቱን ሙሉ ተቀምጠው ተንሳፋፊውንና ማስጠሚያ እርሳሱን አንድ በአንድ ያሰሩበት መረብ ነው። ከባሕር ላይ ሲታይ የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ነጭ ግንብ ከመንታው ተራራ ግራ ጫፍ ጋር ሲገጥም ከሥር ቋጥኝ አለ፣ ቋጥኝ ባለበት ዓሣ አለ። እዚያ ጣሉት። ብዙም ሳይቆይ የደቡቡ ሰማይ ጠቆረ፤ ተራሮቹ ተሰወሩ፤ ነፋሱ ድንገት ዞረ። መረቡን ሲስቡት ቋጥኙ ያዘው። ጀልባዋ እንደ ታሰረ በሬ አንገቷን ደፋች፤ ውሃ በአፍንጫዋ ይገባ ጀመር።

"ቁረጠው!" አለ ሲሉቫይ።

"ምኑን?"

"መረቡን ነዋ!"

"አብደሃል? ትንሽ ታገስ፣ ይላቀቃል። እማዬ ጣቷ እስኪደማ የሠራችውን…"

"ቪያኩላም፣ እያዘዝኩህ ነው!"

ታላቁ ቢላዋውን እንደያዘ ፈዞ ቀረ። ሲሉቫይ ከእጁ ነጥቆ ገመዱን በጠሰው።

ዳር ሲደርሱ ካፊያ ብቻ ነበር። እኩለ ቀን ሳይሆን ፀሐይ ወጣች። ከሰዓት በኋላ ሦስት የጎረቤት ጀልባዎች ዓሣ ጭነው ገቡ።

"ሲሉቫይ፣ መረቡን ለእናት ባሕር ስለት አስገባህላት እንዴ?" አለችው አንዲት ዓሣ ሻጭ።

"ተዪው ባክሽ" አለች ሌላዋ፤ "ደመና አይቶ መረብ የቆረጠ፣ መብረቅ ቢያይማ ጀልባዋን ይሰነጥቃት ነበር!"

ቪያኩላም አልሳቀም፤ አልተቆጣም። ዝም አለ እንጂ። ለሁለት ዓመት በወጡ ቁጥር ጀልባዋ ላይ ቦታውን ይይዛል፣ የታዘዘውን ይሠራል፤ ለወንድሙ ግን ቃል አይወጣውም። እናታቸው ፑሽፓም አልቅሰው ለመኑት፤ አልሆነም። ሲሉቫይም ውስጥ ውስጡን ከራሱ ጋር ይሟገት ነበር። ማዕበሉ መጥቶ ቢሆን ጀግና ይሉኝ ነበር፤ ቢላዋው ያው፣ እጁ ያው፤ ያልደረሰ ሞት ግን ማን ይመዝነዋል?

ከዚያ ሲሉቫይ በታይፎይድ ተኛ። ቪያኩላም ሦስት ዘመዶቹን ይዞ በካፒቴንነት ወጣ። ረፋድ ላይ ተመለሰና፣ ልብሱን ሳይቀይር ከወንድሙ ምንጣፍ አጠገብ ዘፍ አለ።

"ባዶዬን መጣሁ" አለ።

ሲሉቫይ ከሁለት ዓመት በኋላ ድምፁን ሲሰማ ትኩሳቱ መስሎት ነበር።

"ነፋሱ ሲዞር ሦስቱም ዞረው እኔን ያያሉ። የሰው ዐይን እንዲህ ይከብዳል እንዴ? መረቡን ሳልጥል መለስኳቸው። ማዕበል ይምጣ አይምጣ ግን አላውቅም ነበር። አንተስ ያን ቀን ታውቅ ነበር?"

"አላውቅም ነበር፣ ወንድም ጋሼ። ዛሬም አላውቅም።"

ቪያኩላም፣ "እኔ እኮ እርግጠኛ ሆነህ የናቅኸኝ መስሎኝ ነው" አለ።

"እርስዎን ልንቅ? ስቆርጠው ፊቴ ላይ ፍርሃቱን አላዩም?"

"አላየሁማ። የማየው መረቡን ነበር።"

ፑሽፓም የሩዝ አጥሚት ይዘው ገቡ። ሁለቱን ሲነጋገሩ ሲያዩ በሩ ላይ ቆሙና፣ "እንዳይቀዘቅዝባችሁ" ብቻ አሉ።

ከዚያ በኋላ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረው ወጡ። ዛሬ ቪያኩላም ወገቡ እምቢ ብሎት ዳር ቀርቷል፤ ከዓሣ ነጋዴዎቹ ጋር በዋጋ የሚሟገተው እሱ ነው፤ ጩኸቱ ከሞገዱ በላይ ይሰማል። ሲሉቫይ ጠጉሩ ነጥቶ አሁንም ይወጣል። ከእሑድ በቀር፤ እሑድ የቤተ ክርስቲያን ቀን ነው።