ዘንድሮ አውራ ጣት የለም

እትዬ ጠመኔ የሚለውን ስም ያወጡላት የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት ሴቶች ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት አንሶላ ስታጥብ የኖረች ሴት በአርባ ዓመቷ ፊደል ቆጥራ፣ በሃምሳዋ ደግሞ ሌላውን ማስቆጠር ስትጀምር ምን ሌላ ስም ይወጣላታል? ከሽርጧ ኪስ ጠመኔ አይጠፋም ነበር። በየሳምንቱ ከሽርጡ ጋር አብሮ ይታጠብና ውሃ ይበላዋል፤ በየሳምንቱ ሌላ ትገዛለች።

ፊደል የቆጠረችው ግን ወድዳ አይደለም። አንድ ቀን በረኪናው ከሚቀመጥበት ጥግ አዲስ ጀሪካን መጣ። ከሌላ ነገር ጋር እንዳይቀላቀል በትልልቁ ተጽፎበታል። እሷ ጽሑፉን እንደ ጌጥ ቆጠረችውና በረኪናው ላይ ገለበጠችው። ፈላ፣ ተፈናጠረ፣ አጠገቧ ቆማ አንሶላ ትጨምቅ የነበረችው ታናሽ እህቷም ግራ ዓይኗን አጣች። «እኔም ብሆን እገለብጠው ነበር እኮ» ትላታለች ታናሿ እስከ ዛሬ። ለማጽናናት ነው የምትለው፤ ለትልቋ ግን ከስድብ ይብሳል።

ያስተማረችው በምሳ ሰዓት፣ ካውያ ክፍል ውስጥ ነው። የመተኮሻው ጠረጴዛ ሲቀዘቅዝ ደብተር ይዘረጋበታል። አጣቢዎቹ መጡ፣ የበር ዘበኛው መጡ፣ በሽተኛ የሚገፉት መጡ፣ ከሰፈርም ዳቦ ሻጯ ሳትቀር መጣች። ሃምሳ ስምንት ሆኑ። የፈቃድ ፎርም በመጣ ቁጥር አውራ ጣታቸውን ሰማያዊ ቀለም ውስጥ እየነከሩ ያረጁ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ የእትዬ ጠመኔ ሕግ አንድ ነበር፤ ማንኛውም ወረቀት እጃችሁ ከገባ መጀመሪያ ስማችሁን ጻፉ። ስሙን ሳይጽፍ ጥያቄ የመለሰውን ሰው፣ መልሱ ትክክል ቢሆን እንኳ፣ ወረቀቱን ትመልስበታለች። ዘበኛው በሰባ ዓመታቸው ሦስት ጊዜ ተመልሶባቸው ሦስት ጊዜ አኩርፈዋል።

ከዚያ ደብዳቤ መጣ። ክፍሉ ከምርጫው በኋላ የዕቃ መጋዘን ይሆናል ይላል። እትዬ ጠመኔ ያንን ደብዳቤ ይዛ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተተች። ለጎልማሳ ትምህርት የተመደበ ክፍል የለም፣ ሊመደብም አልታሰበም። አንዱ ጸሐፊ ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ምክር ቤት ካልገባሽ በቀር ይሄን የሚሰማሽ የለም» አላት። እያሾፈባት ነበር። እሷ ግን ከዚያ ወጥታ በቀጥታ ሄዳ በግል ለመወዳደር ተመዘገበች።

ምልክቷ እርሳስ ሆነ። ቃሏም አጭር ነበር፤ በየሰፈሩ፣ ዕድሜ ሳይለይ፣ ለሁሉም ነፃ ትምህርት። ሰዉ ላም አለኝ በሰማይ አላት። ተፎካካሪዋ ኮንትራክተር ነው፤ ምልክቱ ጃንጥላ ስለሆነ በየሄደበት ጃንጥላ ያድላል። «መንገዱ ይቅደም፤ ማንበብ የት ይሄዳል?» ሲል ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበም። በሰዉ መፍረድ አይቻልም፤ አቧራው በእውነት ጉሮሮ ይዘጋ ነበር። እሷ ግን ቤቷ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። ክፍሉ ከተዘጋ ሌላ ክፍል እንደማይኖር ታውቃለች። ዘበኛው ገና ረጅም ቃል ላይ ሲደርሱ ይደናቀፋሉ። ዳቦ ሻጯ ማንበብ እንጂ መጻፍ ገና አልሆነላትም፣ ከስሟ በቀር።

በመጨረሻው የቅስቀሳ ቀን ማጠቢያው ግቢ ውስጥ ሳፋ ገልብጣ ላዩ ላይ ቆመች። ድምጿ ከሦስት ቀን በፊት ጠፍቷል። ያዘጋጀችውን ንግግር ትታ በተረፈው ድምጿ አንድ ነገር ብቻ አለች።

«ዘንድሮ አውራ ጣት የለም።»

ግቢው ተናወጠ። ዘበኛው «የተማረ ይግደለኝ!» ብለው ዓይናቸውን በኮታቸው እጅጌ ጠረጉ። ከዚያ ወዲያ ተማሪዎቹ ሲገናኙ ሰላምታቸው ይኸው ሆነ። እሷ ማለት የፈለገችው ዘንድሮ እንደ ድሮው አይነዱንም ነው። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

የምርጫው ሕግ በሚመርጡት ሰው ምልክት ፊት የኤክስ ምልክት አድርጉ፣ ወይም አውራ ጣታችሁን አሳርፉ ይላል። በዕለቱ ተማሪዎቿ የክት ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። መከለያው ውስጥ ሲገቡ ይቆዩ ነበርና ከኋላ የተሰለፈው ሰው «ለአንድ ምልክት ይሄን ያህል?» እያለ አጉረመረመ። እነሱ ግን ቀና ብለው ይወጣሉ። እሷ ያንን አይታ ልቧ ሞላ።

ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ኮሮጆው ተከፈተ። እትዬ ጠመኔ ከታዛቢዎቹ ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ወጣቷ ምርጫ አስፈጻሚ አንድ አንድ ወረቀት እያነሳች ትጠራለች። እርሳስ። ጃንጥላ። እርሳስ። እርሳስ። ከዚያ አንዱን ወረቀት ይዛ ቆመች።

«ስም ተጽፎበታል። ውድቅ።»

እትዬ ጠመኔ ብድግ ብላ አየችው። ስሙን አንብባ ሳትጨርስ የዳቦ ሻጯ እጅ መሆኑን አወቀች።

«የጻፈችው እኮ እርሳሱ ፊት ነው» አለች። «ማንን እንደመረጠች ግልጽ ነው።»

«ማን እንደመረጠም ግልጽ ሆነ እንጂ እትዬ። የመራጩ ማንነት ከታወቀ ድምፁ አይቆጠርም።»

«እባክሽ ልጄ።»

«ሕጉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም።» ልጅቷ ይህን ስትል የእትዬን ፊት ማየት አቃታት።

ሁለተኛው መጣ፣ ሦስተኛው መጣ። የውድቁ ክምር እያደገ ሄደ። እትዬ ጠመኔ መከራከሯን ተወችና የመምህር ነገር ሆኖባት የእጅ ጽሑፋቸውን ታይ ጀመር። ታናሿ በግራ በኩል ስለማይታያት ጽሑፏ ከመስመሩ ወጣ ብሎ ይጀምራል፤ እንደዚያው ጀምሯል። ዘበኛው ቦታው አልበቃቸው ብሎ የአያታቸውን ስም ኅዳግ ላይ ጨርሰውታል። ሃምሳ ስምንት ሰው አንድም ፊደል አልሳተም።

በአርባ አንድ ድምፅ ተሸነፈች።

ተማሪዎቹ ውጭ አጥሩ ሥር ተሰብስበው ይጠብቋት ነበር። ወጥታ ራሷን ነቀነቀችላቸው። ከሁሉ በፊት የተናገሩት ዘበኛው ናቸው።

«እንዴት ይሆናል? አንድም ሰው እኮ አውራ ጣቱን አላሳረፈም።»

ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። ብትነግራቸው ሰውዬው ዳግመኛ እርሳስ የሚነኩ አልመሰላትም፤ ባትነግራቸው ደግሞ በሚቀጥለው ምርጫም ይደግሙታል። ስህተቱን የምታርምበት ክፍል ሰኞ መጋዘን ይሆናል።

«የኔን ወረቀት አዩት?» አሉ ዘበኛው።

«አይተውታል ጋሼ።»

«ይነበባል?»

«ጥርት ብሎ ይነበባል።»

እሳቸው በሽንፈቱ መሃል ፈገግ አሉ፤ አጠገባቸው ለቆመችውም «ሰማሽ?» አሏት። እትዬ ጠመኔ ያንን ፈገግታ ማየት አልቻለችም። ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። ታናሿ ተከትላት መጥታ በአንድ ዓይኗ ስታያት ቆየች።

«ስማችንን መጻፋችን ነው፣ አይደል?» አለች ቀስ ብላ።

እትዬ ጠመኔ ዓይኗን ከመንገዱ ላይ አላነሳችም።

«እንደ ጀሪካኑ።»

«እንደ ጀሪካኑ» አለች ትልቋ። «ያሁኑንም የገለበጥኩት እኔ ነኝ።»