ማስቲካ የሚያኝከው ተወዳዳሪ

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ አሜሪካ፣ ማሪዬታ ከተማ ውስጥ አንድ የአሮጌ ዕቃ መደብር ገብቼ ሳለ፣ ሻጩ የቪዲዮ ዴክ ይሠራ እንደሆነ ሊሞክር ካሴት ከተተበት። ዴኩ ካሴቱን ቀጭ አድርጎ ሲውጠውና ውስጡ ሲርገበገብ ሰምቼ ባለሁበት ቆምኩ። እትዬ የሺ ትዝ አሉኝ።

እትዬ የሺ ልጅ ሳለሁ ስኮትዴል የሚባል ሰፈር ስንኖር ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የነበሩ ጎረቤታችን ናቸው። ጠዋት የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ይሠራሉ፤ ከሰዓት በኋላ ወላጆቻችን እስኪመለሱ እኛን ልጆችን ይይዛሉ። ልጅ ሁሉ ታብሌት ላይ ባቀረቀረበት ዘመን እሳቸው ቤት የነበረው ጀርባው ያበጠ ቴሌቪዥንና ፓይን ሌክ ሰፈር ሰዎች አሮጌ ዕቃቸውን ግቢያቸው አውጥተው ሲሸጡ የገዟቸው ካሴቶች ነበሩ። ካሴቶቹ ላይ የድሮ የልጆች የቴሌቪዥን ውድድር ተቀድቷል። ልጆቹ ጥያቄ ይመልሱና ጆይስቲክ ይዘው፣ ሰዓቱ ሳያልቅ አንድ ትንሽ የጌም ሰውዬ ጉድጓዶችን ያዘልላሉ። ያሸነፈ ብስክሌት ይሸለማል።

እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አሜሪካ ከአባቴ ጋር መጣሁ፤ እናቴ የመግቢያ ወረቀቷ ዘግይቶ አዲስ አበባ ቀረች። ትምህርት ቤት እንግሊዝኛዬ ልጆቹን ሲያስቃቸው ዝም አልኩ። ዝምታው ቤት ድረስ ተከትሎኝ አማርኛዬንም ወሰደው። እሁድ እሁድ አባቴ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይይዝልኛል፤ እናቴ "ቤዚዬ፣ እስቲ አንድ ነገር በይኝ" ትላለች፤ የምትሰማው ትንፋሼን ብቻ ነው። ከዚያ ታለቅሳለች፤ እኔም ጆሮዬን ከስልኩ አሸሻለሁ።

አባቴ "ዝም አይነቅዝም" እያለ ራሱን ያጽናና ነበር።

"እሱ ለትልቅ ሰው ነው" አሉት እትዬ የሺ በራቸው ላይ ቆመው። "ልጅ ዝም ካለ ይነቅዛል።"

ብዙም ሳይቆይ ውድድሩን ቤታቸው አመጡት። እዚሁ አሜሪካ የተወለደው የጎረቤታችን ልጅ ናቲ የአጎቱን አሮጌ የቴሌቪዥን ጌም ተሸክሞ መጣ። ዳኛዋ እሳቸው፣ ሰዓቱ የወጥ ቤታቸው ደወል። ሕጋቸው አንድ ነበር፤ የሚጫወት ሰው የሚያደርገውን ጮክ ብሎ ይናገራል፣ ዝም ያለ ይወጣል። ይህን ያመጡት ከካሴቱ ነው። ልጁ ሲጫወት አፉ ይንቀሳቀሳል፣ የሚጣደፍ እንግሊዝኛም ይሰማል፤ ስለዚህ የሚናገረው ልጁ ነው ብለው ደምድመዋል።

ናቲ በሳቅ ተንከባለለ። "ኦ ማይ ጋድ፣ እትዬ የሺ! የሚያወራው እኮ አናውንሰሩ ነው፣ ጨዋታውን የሚተርከው ሰውዬ። ልጁ ማስቲካ ቹ እያደረገ ነው!"

ቴሌቪዥኑን ጠጋ ብለው አዩ። ትንሽ ያፈሩ መሰለኝ፤ እጅ ግን አልሰጡም።

"እንግዲያው ማስቲካውን ይትፋና ይናገር! ሰው ቤት ገብታችሁ 'ተጫወቱ' ስትባሉ ግድግዳ ነው የምታዩት? ወሬ የሌለበት ምን ጨዋታ አለ?"

ሕጉ ጸና። ተራዬ ደርሶ ዝም ስል ወጣሁ። በማግስቱም ወጣሁ። አላባበሉኝም፣ አላዘኑልኝም። "ቤዛ ወጥታለች፤ ነገ ትገባለች" ብቻ ይላሉ። ያቺን "ነገ ትገባለች" እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። ያኔ ሰው ሁሉ እንደ በሽተኛ ሲያየኝ፣ እሳቸው ዘንድ ተራዋን የምትጠብቅ ተጫዋች ነበርኩ።

አንድ ቀን ትንሹ ሰውዬ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ሲደርስ "ዝለል!" አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። "ዘለለ... እየሮጠ ነው... ወይኔ፣ ወደቀ!"

ናቲ ዞሮ አፈጠጠብኝ። እትዬ የሺ ደወሉን እየጠመዘዙ "ወድቃለች፤ ቀጣይ!" አሉ። ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

እሁድ አባቴ ስልኩን በእጄ አስይዞኝ ልብስ ያጣጥፍ ነበር። እናቴ "ቤዚዬ" አለች። ምን እንደምላት አላውቅም ነበርና እንደ ጨዋታው ያየሁትን መናገር ጀመርኩ።

"እማ፣ አባዬ ካልሲ እያጠፈ ነው... አንዱ ጠፋበት... ሶፋው ሥር እየገባ ነው..."

እናቴ ስትስቅ ሰማሁ። አባቴ ነጠላ ካልሲውን ይዞ ሶፋው ሥር እንደተንበረከከ ቀረ።

እናቴ በኋላ መጣች። እትዬ የሺ አርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር። አሁንም ቃል ሲጠፋኝ ፊት ለፊቴ ካለው ነገር እጀምራለሁ፤ የቀረው ራሱ ይመጣል። እናቴ ለእንግዳ ስትተርክ "ቤዛ አፏን የፈታችው ዓመት ሳይሞላት ነው" ትላለች። አላርማትም። ለሁለተኛ ጊዜ የፈቱልኝ ግን እትዬ የሺ ናቸው፤ ካሴት ላይ አንድ የማያውቁት ልጅ ማስቲካ ስላኘከ።