ሰላም ያላሉኝ ሽማግሌ

ዛሬ ቀሐ ወንዝ ዳር አንድ ሽማግሌ ሰላም ሳይሉኝ በአጠገቤ አለፉ። ጎንደር ውስጥ እንዲህ ማለፍ ነውር ነው። ምነው፣ ምን አጠፋሁ?

ወር ሙሉ አንድ መስመር መጻፍ ቢያቅተኝ፣ የአባቴን ጋቢ ተከናንቤ እሱ ይቀመጥበት ከነበረው ዋርካ ሥር አቀርቅሬያለሁ። (ጋቢው አላጻፈኝም፤ አሙቆ አስተኛኝ እንጂ።)

በጃንሆይ ዘመን አባቴ ለእሑድ ቅዳሴ የሚቀኘውን ቅኔ የሚቆጥረው እዚህ ነበር። ብቻውን ተከናንቦ ቃሉን በልቡ ያበጃል።

ቅኔ የሚቆጥር ሰው ሰላም አይባልም፤ ሐሳቡ ይበተናላ! ልጅ ሆኜ ምሳውን ይዤ ኮቴዬን አጥፍቼ ከዛፉ ጀርባ እቆማለሁ፤ ቀና ብሎ «ነይ፣ ሞላልኝ» እስኪለኝ።

ሽማግሌው ሲመለሱ ቀና ማለቴን አይተው ቆሙ።

«ልጄ፣ ቅኔ የምትቆጥሪ መስሎኝ፣ ሐሳብሽን እንዳልበትነው ብዬ ነው ዝም ያልኩ። ሞላልሽ?»

«አልሞላም፣ አያ» አልኩ።

ለካ ወር ሙሉ የጠበቅኩት እንደ ልጅነቴ ከዛፉ ጀርባ ቆሜ ነው፤ አንድ ሰው «ነይ» እስኪለኝ።

ቤት ገብቼ ይህችን ጻፍኩ። እናንተስ፣ አልጻፍ ሲላችሁ የማንን መቀመጫ ፍለጋ ትሄዳላችሁ?